ሠላሳ አምስት ዓመት የቆየ ጠባሳ

በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነን አሶሳ ስንደርስ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከቁጥር ሌላ ስም በሌለው አምባ አንዲት የቀርከሃ ጎጆ ደረሰችን። ምድጃው መሬት ላይ ነው፤ ሦስት ጉልቻ። በ1979 አንዱ ጉልቻ ከዳና ለገንፎ የተጣደው የፈላ ውሃ ከቋንጃዬ እስከ ተረከዜ ላጠኝ።

እናቴ ቅቤ ቀባችኝ። አንዷ ጎረቤት ማር አመጣች፤ ሌላዋ እበት ብትል እናቴ እምቢ አለች፣ እግዜር ይስጣት። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ይሻል እንደነበር ማን ነግሯቸው!

የሚገርመው፣ የቁስሉ መሀል ብዙም አያመኝም ነበር። እናቴ ቀለል ያለ መስሏት ደስ አላት። ለካ ያላመመኝ ነርቩ ስለሞተ ነው። ላይኛው የቆዳ ሽፋን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤ ሲላጥ የሚተካው ከሥር፣ ከጸጉር ሥርና ከላብ ዕጢ በተረፈው ዘር ነው። የእኔ ዘሩም አብሮ ነደደ። ቁስሉ ከዳር ከዳር እየተኮማተረ ዘጋ፤ ጸጉር የማያበቅል፣ የማያልበው፣ የማይለጠጥ ጠባሳ ሆነ። በቆሎ ስኮተኩት ይሰነጠቃል፤ ሳርፍ ይድናል። ሠላሳ ምናምን ዓመት እንዲሁ ተቻችለን ኖርን።

በ2014 የተሰነጠቀው ግን አልዘጋም። ከንፈሩ ጠንክሮ ወደ ውጭ ተገለበጠ፤ ይደማል፣ ይሸታል። አንድ ጤና ተቋም ሦስት ጊዜ ቅባት ሰጥቶ ሸኘኝ። በአራተኛው አንዲት ልጅ እግር ነርስ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከክረምት በፊት ነው የጀመረኝ።»

«እንዲህ ያለ ቁስል ናሙና ሳይወሰድ በቅባት አይታለፍም።»

አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው። ሐኪሙ ቁስሉን ከማየቱ በፊት ብሽሽቴን ዳበሰ፤ ንፍፊት ፍለጋ። ናሙናው የቆዳ ካንሰር ሆነ። በሽታው የሚጠራው ማርዦላን በተባለ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ስም ነው፤ እንዲህ ያሉ ቁስሎችን በ1828 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፎባቸዋል። ጠባሳ በተሰነጠቀ ቁጥር ሕዋሳት ለጥገና ይባዛሉ፤ በተባዙ ቁጥር ስሕተት ሊገባ ይችላል። ጠባሳ ደግሞ የደም ሥር ስለሚያንሰው የሰውነት ዘበኞች እንደ ልብ አይደርሱበትም። አደጋው የሚደርሰው በጥቂት ሰው ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከአሥርተ ዓመታት በኋላ። ጥቁር ቆዳ ፀሐይን ይመክታል፤ ከአልቢኖ ወገኖቻችን በቀር ብዙዎቻችንን የሚያሰጋን የቆየ ቁስልና ጠባሳ ነው።

ቁስሉን ከዙሪያው ጤነኛ ሥጋ ጋር ቆርጠው፣ ከጭኔ ቆዳ ልጠው ተከሉበት። ያኔ በልጅነቴ ቢተከልልኝ ይህ ሁሉ ምናልባት ባልመጣ። ሆስፒታሉ ውስጥ ከጎኔ ባለው አልጋ የተኛችው ሴት የሚጥል በሽታ አለባት፤ እሳት ላይ ስትወድቅ «ይጋባል» ብለው ሳያነሷት ቆዩ። አይጋባም።

ቤቴ ስመለስ ምድጃውን በጭቃ ወገቤ ድረስ ከፍ አድርጌ ሠራሁት። ባለቤቴ ገንፎ ለማማሰል አይመችም እያለች እስከ ዛሬ ታጉረመርማለች።