«ሐሬ ራማ ሐሬ ክሪሽና»፦ ልጅቱን ማን ገፋት?

ዛሬ ከሕንድ ሲኒማ አንድ የቆየ ፊልም እናነሳለን። ዴቭ አናንድ ጽፎ፣ አዘጋጅቶና ራሱም ተውኖ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው «ሐሬ ራማ ሐሬ ክሪሽና» ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን የሂፒዎቹ ጭስና አሻ ቦስሌ የዘፈነችው «ደም ማሮ ደም» ነው። እኛን የሚከነክነን ግን ሌላ ነው፤ ፊልሙ የስደተኛ ቤተሰብ ታሪክ ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው ይለያያሉ። ወንዱ ልጅ ከእናቱ ጋር ሕንድ ይገባል፤ ሴቷ ከአባቷ ጋር ትቀራለች። እናትሽም ወንድምሽም ሞተዋል ተብሎ ይነገራታል። ዓመታት አልፈው ወንድም እህቱን ፍለጋ ኔፓል፣ ካትማንዱ ሲደርስ ጃስቢር «ጃኒስ» ተብላ፣ በሐሺሽ ደንዝዛ ያገኛታል። እንደ ሟች የቆጠረችው ወንድሟ መሆኑንም አታውቅም። ይህን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ዚናት አማን የፊልምፌር የምርጥ ረዳት ተዋናይት ሽልማት አግኝታበታለች።

በዚያን ዘመን ከአውሮፓ ተነስተው በኢስታንቡል፣ በቴህራንና በካቡል አቋርጠው ካትማንዱ የሚገቡ ወጣቶች ብዙ ነበሩ። ሐሺሽ እዚያ በመንግሥት ፈቃድ በግልጽ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የኔፓል መንግሥት ፈቃዱን ሰርዞ ሱቆቹን ዘጋ። በ1979 ደግሞ የኢራን አብዮትና የሶቪየት ጦር ወደ አፍጋኒስታን መግባት መንገዱን ራሱን ቆረጡት።

ሱቁም መንገዱም ተዘጋ እንበል። ጃስቢር ትድን ነበር? አይመስለንም። ሐሺሹን ንጹሕ ነው አንልም፤ ነገር ግን ልጅቱን መጀመሪያ የገፋት በቤቷ የተነገራት ውሸት ነው። ፊልሙ ሂፒዎቹን አብዝቶ ይወቅሳል፤ ነገሩ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይመስላል። እውነቱ ሲገለጥም ዘግይቷል፤ ጃስቢር በኀፍረት ሕይወቷን በገዛ እጇ ታጠፋለች።

ታሪኩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተንም በፍራንክፈርትም ትዳር ይፈርሳል፣ ልጅ ይከፈላል። ልጁ ሲጠፋብን «የፈረንጅ አገር አበላሸው» ማለት ይቀናናል። ስለ አባቱ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ተለየው ወንድሙ ምን ብለን እንደነገርነው ግን ራሳችንን አንጠይቅም። የአገራችን ገዢዎች እውነቱን እንዲናገሩ በየአደባባዩ እንጮኻለን። ልጆቻችንም ያንኑ እውነት ከእኛ ይሻሉ፤ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ።