ናይትካፕ፦ የሚሸተውና የሚቀመሰው ለየቅል ነው

ፒፓ ሲነሳ አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ያ ጣፋጭ ሽታ ነው፤ ቫኒላ ቫኒላ የሚል፣ አንዳንዴ ቼሪ፣ አጫሹ ከሄደ በኋላም ኮሪደሩ ላይ የሚቀር። "ጣዕሙስ እንደ ሽታው ነው?" ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቤቱን የሚያውደው ትምባሆ ለአጫሹ ምላስ እምብዛም አይተርፈውም፣ ጎረቤት አፍንጫውን የሚይዝለት ደግሞ አፍ የሚሞላ ጣዕም ይዞ ይገኛል። ይህን ለማሳየት ናይትካፕ ከሚባለው ቅይጥ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በመጀመሪያ ስለዚያ ጣፋጭ ሽታ። የቅጠሉ አይደለም። በርሊ የሚባለው በአየር የሚደርቅ ቅጠል የራሱ ስኳር የለውም ለማለት ይቻላል፤ የረጩበትን ፈሳሽ ግን በደንብ ይጠጣል። ጥቁር ኬቨንዲሽም ተጨምቆና በእንፋሎት በስሎ ለዚሁ ይዘጋጃል። ሽሮፕና ማጣፈጫ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እሳት ሲነካው ማጣፈጫው ወደ ክፍሉ ይበናል፤ ለአጫሹ የሚደርሰው ትኩስ እንፋሎት ነው፣ ምላስ የሚለበልበውም እሱ ነው። በነገራችን ላይ የእኛው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ማጣፈጫ የተጨመረበትን የትምባሆ ምርት ይከለክላል፤ ጣፋጭ ሽታ ልጆችን ስለሚስብ ነገሩ ትክክል ነው እላለሁ።

ናይትካፕ በሌላ መንገድ የተሠራ ነው። ጣዕሙ የሚመጣው አራቱ ቅጠሎች ከደረቁበትና ከበሰሉበት ሁኔታ ነው፤ ላታኪያ፣ ፔሪክ፣ ቨርጂኒያ እና ኦሪየንታል። ስሙ የተያያዘው ከአልፍሬድ ደንሂል ቤት ጋር ነው። ደንሂል እ.ኤ.አ. በ1907 ለንደን ዱክ ስትሪት ላይ የትምባሆ ሱቅ ከፍቶ ለየደንበኛው የሚስማማ ቅይጥ ያዘጋጅ፣ የእያንዳንዱንም ቀመር በቁጥር መዝገብ ላይ ያሰፍር ነበር። እስከ ዛሬ የሚሸጠው 965 የተባለው ቅይጥ ስሙን ያገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ቁጥር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የደንሂል ስም ከፒፓ ትምባሆ ላይ ሲነሳ ቅይጦቹ ፒተርሰን በሚለው ስም ቀጠሉ። "የድሮው ቀረ" እያሉ የሚያለቅሱ አጫሾች አሉ። እኔ አልስማማም። በደንሂል ስም የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያመረተውም፣ አሁን በፒተርሰን ስም የሚያመርተውም ዴንማርክ አሰንስ ከተማ ያለው ያው ፋብሪካ ነው። የተቀየረው የቆርቆሮው ክዳን ነው።

የዚህ ቅይጥ ጌታ ላታኪያ ነው። ስሙን የወሰደው ከሶርያዋ የወደብ ከተማ ሲሆን ዛሬ ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው የቆጵሮስ ዝርያ ነው፤ ሶርያ ደኗ በጭሱ ሥራ እየተመናመነ ስለሄደ ምርቱን ገደበችው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅጠሉ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በዝግ ቤት ጣሪያ ሥር ይሰቀላል፤ ከሥሩ የባሕር ዳርቻ ቁጥቋጦ፣ በተለይም ሙጫ የሚሰጠው የማስቲክና የአደስ ጭራሮ በቀስታ እንዲጨስ ይደረጋል። ለሳምንታት ይታጠናል። ሲወጣ ሊጠቁር ጥቂት የቀረው ነው።

ቆርቆሮውን የከፈተ ፈረንጅ ሽታውን ከተቃጠለ ጎማና ከአሮጌ ቆዳ ጋር ያመሳስለዋል። በወይራ ጭስ በታጠነ እቃ እርጎ የጠጣ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። እርጎው ውስጥ እንጨት የለም፣ ጭስም የለም፤ ጣዕሙ ግን አለ። ላታኪያም በቅይጡ ውስጥ ሥራው ይኸው ነው። የራሱ ስኳር ትንሽ ስለሆነና ረጋ ብሎ ስለሚነድ ጭሱ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ምላስ አይለበልብም። ሚስት ወይም ባል "ምን ተቃጠለ?" ብለው ከሌላ ክፍል ቢጣሩ ግን አትደነቁ።

ሁለተኛው ጉልበተኛ ፔሪክ ነው። አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ሴንት ጄምስ በሚባል አካባቢ ይበቅላል። ቅጠሉ በውስኪ በርሜል ውስጥ በከባድ ጫና ይጠቀጠቅና በራሱ ጭማቂ ይፈላል፤ በየጊዜው እያወጡ፣ እያናፈሱ መልሰው ይጭኑታል። አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ውጤቱ የደረቀ በለስና ቁንዶ በርበሬ ያለበት፣ ሆምጠጥ ያለ ነገር ነው። ለብቻው የሚያጨሰው ሰው ብርቅ ነው፤ እንደ ቅመም ጣል ይደረጋል። በርበሬነቱ ምላስ ላይ ሳይሆን በአፍ የያዛችሁትን ጭስ ጥቂቱን በአፍንጫ ስታወጡ ነው የሚታወቀው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ነው፤ ትንሽ ካለፈ ያስነጥሳል፣ እንባም ያመጣል።

ቨርጂኒያ ከሥር ሆኖ ጣፋጭነቱን ይሰጣል፤ በሙቅ አየር የደረቀ፣ የተፈጥሮ ስኳሩ ብዙ የሆነ ቅጠል ነው። ኦሪየንታል የሚባሉት የቱርክና የግሪክ ትናንሽ ቅጠሎች መራራም ቅመማምም የሆነ ሽታ ያክላሉ።

አሁን ወደ ማጨሱ። ናይትካፕ ከቆርቆሮ ሲወጣ እርጥበት አለው። ወረቀት ላይ በትኖ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማናፈስ ይበጃል፤ በጣት ሲጫኑት የማይጣበቅ፣ ሲለቁት ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ ደርሷል። ፒፓው ውስጥ ሲገባ ከታች ላላ፣ ወደ ላይ ጠበቅ ይደረግ። በመጀመሪያው ክብሪት ላዩ ያብጣል፤ በመጠቅጠቂያ ዝቅ አድርጎ ሁለተኛ መለኮስ ነው። ከዚያ በኋላ ችኮላ የለም። ፒፓው በእጅ ለመያዝ ካቃጠለ እየተሳበ ያለው በፍጥነት ነው ማለት ነው። ቢጠፋ አይጨንቅም፤ ላታኪያ ዳግም ሲለኮስ ጣዕሙ ብዙም አይበላሽም፣ ይህ ከቨርጂኒያ ብቻ ከተሠሩት ይለየዋል።

ጣዕሙ እንደ መንገድ ይቀያየራል። ሲጀመር ጭሱ ብቻ ነው የሚናገረው። ወደ መሐል ሲደርስ ላታኪያው ረገብ ይልና የቨርጂኒያው ጣፋጭነትና የፔሪኩ በለስ ብቅ ይላሉ፤ ለእኔ ቅይጡ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው። የመጨረሻው ሲሶ ይከብዳል። ኒኮቲኑ ቀላል አይደለም፣ በአፍ በኩልም ወደ ደም ይገባል፤ በባዶ ሆድ ያጨሰ ሰው ራሱ ይዞራል፣ ያቅለሸልሸዋልም። 965 ከዚህ የለዘበ ነው፤ ለእኔ ግን ፔሪክ ስለሌለው መሐሉ ላይ ይሰለቸኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ላታኪያ የነካው ፒፓ ሽታውን አይለቅም፤ በኋላ ሌላ ብትሞሉበት ያው ጭስ ይመጣባችኋል። ስለዚህ ለብቻው አንድ ፒፓ ይመደብለት። ፒፓው ራሱ የሚጠረበው ኤሪካ አርቦሪያ ከሚባለው ተክል ሥር እብጠት ነው፤ ኮርሲካና ካላብሪያ ላይ ተቆፍሮ፣ ተቀቅሎ፣ ለወራት ደርቆ። ይህ ተክል እኛ ጋ ስሜንና ባሌ ተራሮች ላይ በሽ በሽ ነው፤ ስሜኖች አስታ ይሉታል። በውድ ዋጋ የሚሸጠው ፒፓ የአስታ ዘመድ እንኳ ሳይሆን ራሱ አስታ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ፒፓ አጫሽ ጭሱን ወደ ሳንባ ስለማይስብ "ፒፓ አይጎዳም" የሚባል ወሬ አለ። ውሸት ነው። የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር ያስከትላል፤ በዝግ የሕዝብ ቦታ ማጨስም ከላይ ባነሳሁት አዋጅ የተከለከለ ነው። የማታጨሱ በዚህ ጽሑፍ ምክንያት እንዳትጀምሩ። ፒፓ ያላችሁና ላታኪያ ያለበት ቅይጥ የሞከራችሁ ግን የትኛውን እንደወደዳችሁ ከታች ጻፉልኝ።