ለጎርፍ በተተወ ቦታ ላይ፦ የዴንቨሩ ቼሪ ክሪክ የሳይክል መንገድ

የኮሎራዶ ዋና ከተማ በሆነችው ዴንቨር መሀል ሳውዝ ፕላትና ቼሪ ክሪክ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ። መገናኛቸው ላይ ኮንፍሉዌንስ ፓርክ አለ። ከዚህ ፓርክ ተነስቶ ቼሪ ክሪክን ሽቅብ እየተከተለ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚዘልቅ፣ መኪና የማይገባበት የሳይክልና የእግረኛ መንገድ አለ። ርዝመቱ 40 ማይል ወይም 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፎቆች ግርጌ ይነሳና በመኖሪያ ሰፈሮች፣ በጎልፍ ሜዳ፣ በግድብና በሐይቅ ዳር አልፎ፣ ፓርከር የተባለችውን ከተማ አቋርጦ ፍራንክታውን አካባቢ ገጠር ውስጥ ይገባል።

መንገዱ የእሽቅድድም ሜዳ አይደለም። ዴንቨር በእንዲህ ያሉ መንገዶቿ ላይ የፈቀደችው ፍጥነት በሰዓት 15 ማይል፣ ማለትም 24 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የሚጠቀምበትም ሰው ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄድ፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ፣ ውሻውን የሚያንሸራሽር፣ ልጁን ሳይክል የሚያለማምድ፣ ሐኪም እንቅስቃሴ ያዘዘላቸው አዛውንት። እዚህ መንገድ ላይ ሳይክል የሚያምረው ሲረጋጉ ነው። ሰፈሩን እያዩ፣ ደስ ያለ ቦታ ሲገኝ ወርዶ አረፍ እያሉ፣ ሲደክም ደግሞ ያለ ሐፍረት መመለስ ይቻላል።

የወንዝ ዳር መንገድ ለጀማሪ የሚመቸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ዳገቱ ነው። ወንዝ በረጅም ዘመን ራሱ ባስተካከለው ቁልቁለት ላይ ስለሚፈስ ከጎኑ የሚሄደው መንገድም ያንኑ ልክ ይይዛል። ከኮንፍሉዌንስ እስከ ፍራንክታውን ድረስ ከፍታው የሚጨምረው 300 ሜትር ገደማ ነው፤ ለርቀቱ ሲካፈል በአንድ ኪሎ ሜትር 5 ሜትር አይሞላም። ጉልበት ላይ የሚሰማው ጥቂት ነው። ሽቅብ ሄዶ የደከመ ሰውም ሲመለስ ቁልቁለቱ ያግዘዋል፤ ስለዚህ ጉዞን ከታች ወደ ላይ መጀመር ይመረጣል።

ሁለተኛው መስቀለኛ መንገድ ነው። በከተማ ውስጥ ሳይክል የሚነዳን ሰው የሚያደክመውም የሚያስፈራውም በየመቶ ሜትሩ ቆሞ መኪና ማሳለፍ ነው። ወንዝ ግን መብራት አይጠብቅም፤ በየድልድዩ ሥር ያልፋል። መንገዱም አብሮት ያልፋል። ወደ ድልድይ ሲቃረቡ ንጣፉ ወደ ውኃው ዝቅ ይላል፣ መኪኖቹ ከራስ በላይ ይንጎዳጎዳሉ፣ ለጥቂት ሰከንድ ይጨልማል፣ ከዚያ ከወዲያ ማዶ ብርሃን ይወጣል። እዚህ ቦታ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከፊት የሚመጣው ሰው ስለማይታይ ደወል መደወልና ቀኝን መያዝ ግድ ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል ድልድዩ ሥር ስስ ደለል ትቶ ይሄዳል። እርጥብ ደለል ላይ ፍሬን በድንገት የያዘ ወይም መሪ የጠመዘዘ ሰው ጎማው ይንሸራተትበታል። ፍጥነትን ቀድሞ መቀነስና መሪውን ቀጥ አድርጎ ማለፍ ነው መፍትሔው።

ያ ደለል የመንገዱን ታሪክ የሚናገር ምስክር ነው። ዴንቨር የተቆረቆረችው በ1858 (ዓመታቱና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአካባቢው ወርቅ መገኘቱ ሲወራ ነው። ቼሪ ክሪክ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ላይ የሚንሿሿ ቀጭን ውኃ በመሆኑ ሰፋሪዎቹ ናቁት። ዳርቻው ላይ ብቻ ሳይሆን ሆዱ ውስጥም ቤት ሠሩ። የሮኪ ማውንቴን ኒውስ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት በወንዙ አሸዋ ላይ በእንጨት ምሰሶ ቆሞ ነበር። ግንቦት 19 ቀን 1864 ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ማተሚያ ቤቱንም የከተማውን ማዘጋጃ ቤትም ጠርጎ ወሰደ፤ ሰውም አለቀ።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ ወንዙን ለማሰር ብዙ ደከመች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከንቲባ ሮበርት ስፒር ወንዙን በግንብ አጥረው በግራና በቀኙ ጎዳና አወጡለት፤ ጎዳናው ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በላይኛው ተፋሰስ በ1890 የተሠራው የካስልዉድ ግድብ ነሐሴ 3 ቀን 1933 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተደረመሰ። የስልክ ኦፕሬተሮች ወሬውን ቀድመው ስላደረሱ ብዙ ሰው አመለጠ፤ ውኃው ግን ሲነጋጋ ዴንቨር ገብቶ ድልድዮችን ሰባበረ። በ1950 የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ከከተማዋ በላይ ትልቁን የቼሪ ክሪክ ግድብ ሠርተው ጨረሱ። እሱ ይህን ወንዝ ገታው። በሰኔ 1965 ደግሞ ሳውዝ ፕላት በተራው ገንፍሎ በከተማዋ ታሪክ ከደረሱት ሁሉ የከፋውን ጥፋት አደረሰ።

የአስተሳሰብ ለውጥ የመጣው ከዚህ ጎርፍ በኋላ ነው። በ1969 የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች የዴንቨር አካባቢ ከተሞችን በጋራ የሚያገለግል የጎርፍ መከላከያ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ግንብ ከመገንባት ይልቅ ውኃ የሚተኛበትን ቦታ ለይቶ ቤት እንዳይሠራበት ማድረግ ዋና ሥራ እየሆነ መጣ። በ1974 ደግሞ ከንቲባ ቢል ማክኒኮልስ የክልሉ ሴናተር የነበሩትን ጆ ሹሜከርን የፕላት ወንዝ ልማት ኮሚቴ እንዲመሩ ጠየቋቸው። ወንዙ ያን ጊዜ የቆሻሻ መጣያ ነበር። ሹሜከርና ባልደረቦቻቸው ሥራውን ሁሉም ሊያየው ከሚችልበት ቦታ ጀመሩ፤ በ1975 ኮንፍሉዌንስ ፓርክ ተከፈተ። ከዚያ መንገዱ ወንዝ ለወንዝ፣ ቁራጭ በቁራጭ እየተቀጠለ አደገ።

ለጎርፍ የተተወ መሬት ቤት አይሠራበትም፤ ሳይክል ግን ይነዳበታል። ጎርፍ ሲመጣ መንገዱ ይሰጥማል፣ ሲሄድ ይጠረጋል፣ ማንም ቤቱን አያጣም። ወንዙን የሚጠርግና የሚጠግን መኪና የሚገባበት ጥርጊያ መንገድ ራሱ ያስፈልግ ስለነበር፣ በብዙ ቦታ አንዱ ንጣፍ ለጥገናውም ለሽርሽሩም ሆነ። ለዚህም ነው በመሬት ውድነት በምትታወቅ ከተማ መሀል ይህን ያህል ርዝመት ያለው ነፃ ቦታ ሊገኝ የቻለው።

በመንገዱ ላይ የሚታየው ነገር በየክፍሉ ይለያያል። መሀል ከተማ ላይ በስፒር ግንቦች መካከል ከጎዳናው ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ የመኪናው ጫጫታ ከላይ ይቀራል። ቀጥሎ ግንቡ ያበቃና ዛፍ ይበዛል፤ በቼሪ ክሪክ የገበያ ማዕከል ጎን ያልፋሉ። ራቅ ብሎ ፎር ማይል የተባለው ታሪካዊ ፓርክ አለ፤ እዚያ የቆመው የ1859 ቤት በዴንቨር ካሉት ሁሉ አሮጌው ነው። ከዚያ ግድቡ ይመጣል። በጉዞው ሁሉ ዳገት የሚባለው ዳገት እዚህ ነው፤ ማርሽ ቀንሶ በቀስታ መውጣት ወይም ወርዶ መግፋት ይቻላል። ከላይ ሐይቁ ተዘርግቶ ይታያል፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ከማዶ የሮኪ ተራሮች ይቆማሉ። ከሐይቁ በኋላ ሜዳው ይከፈታል፤ ፕሬሪ ዶግ የሚባሉት ትንንሽ እንስሳት ከየጉድጓዳቸው ብቅ ብለው መንገደኛውን ይጮኹበታል። ከመንገዱ መጨረሻ ብዙም ሳይርቅ የተደረመሰው የካስልዉድ ግድብ ፍርስራሽ በፓርክ ተከልሎ ይገኛል። እዚያ የደረሰ ሰው የጎርፉን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነድቶታል ማለት ነው።

ለጀማሪ ውድ ሳይክል አያስፈልገውም። ፍሬኑ የሚይዝ፣ ኮርቻው በልክ የተስተካከለ፣ ደወል ያለው ማንኛውም ሳይክል ይበቃል። ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በትንሹ ብቻ ከታጠፈ ቁመቱ ትክክል ነው። ሄልሜት፣ ውኃ፣ ጎማ መንፊያና መለወጫ የውስጥ ጎማ መያዝ ይገባል። የውስጥ ጎማው ለይስሙላ አይደለም። በኮሎራዶ የመንገድ ዳር እንደ ኩርንችት ያለ እሾህ ይበቅላል፤ ፍሬው በየትኛውም ጎኑ ቢወድቅ አንድ ሹል ወደ ላይ ያቆማል። ሳይክሉን ገፍቶ ሣር ላይ ማሳረፍ ለጎማው ደህና አይሆንም፤ ንጣፉ ዳር ማቆም ይሻላል። ጎማው ሲተነፍስ አዲሱን ከመክተት በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣት በጥንቃቄ ዳስሶ እሾሁን ነቅሎ መጣል ያስፈልጋል፤ አለዚያ አዲሱም ወዲያው ይበሳል።

ከእሾሁ በላይ የሚያሰጋው ዝናቡ ነው። በኮሎራዶ በጋ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ ድንገት ይጥላል፤ መሀል ከተማ ያለው በግንብ የታጠረው ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላ ይችላል። ሰማይ ሲጠቁር በቅርብ ያለውን መውጫ ይዞ ወደ ጎዳናው መውጣት ነው እንጂ ድልድይ ሥር መጠለል አደገኛ ነው። ጠዋት ወጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ ሁለቱንም፣ ሙቀቱንም ጎርፉንም ያስቀራል።

በዴንቨርና በአጎራባቿ አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ዴንቨር ከአክሱም ጋር፣ አውሮራ ከአዳማ ጋር የእህትማማች ከተማነት ውል አላቸው። የግድቡና የሐይቁ አካባቢ ለአውሮራ ነዋሪ ቅርብ ነው፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ወይም ሥራ ላይ ለሚውል ወገናችን ይህ መንገድ ከድልድይ በታች ስለሚያልፍ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር፣ በዕድሜ የገፉትም ከእኩዮቻቸው ጋር በነፃ የሚውሉበት ቦታ ነው። 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ዴንቨር አዲስ አበባ ላደገ ሰው ትንፋሽ የምታሳጥር አይደለችም።

ለአዲስ አበባም ትምህርት አለው። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንቲይቀጡ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ሲወርዱ ልክ እንደ ቼሪ ክሪክ በየድልድዩ ሥር ያልፋሉ፤ በክረምት ሲሞሉም ዳርቻቸው ላይ የተጠጋውን ቤት ያሰጋሉ። በ2019 የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚያለማ ታቅዶ የተነሳ ነው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመሮች ተጨምረዋል። ዴንቨር ከመቶ ዓመት በላይ ከፍላ የተማረችው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ጎርፉ እስከ የት እንደሚደርስ ይለካ፤ በዚያ ክልል ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች በቂ መተኪያ ቤት አግኝተው ይነሱ፤ ወንዙ ከፍሳሽና ከቆሻሻ ይጽዳ። ንጣፉ፣ አግዳሚ ወንበሩና የሳይክል መስመሩ ከዚህ በኋላ ቢመጡ አይዘገዩም። በዚህ ቅደም ተከተል የተሠራ የወንዝ ዳር መንገድ በበጋ ሕዝብ የሚዝናናበት፣ በክረምት ከተማዋን ከጎርፍ የሚያተርፍ ይሆናል፤ የሚወጣበት ገንዘብም ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያገለግላል።