ዘማች ለዘማች፦ ከውትድርና በኋላ የሕይወት ዓላማን መልሶ ስለማግኘት

በአገራችን ከውትድርና ወደ ሰላማዊ ኑሮ የተመለሱ ዜጎች ቁጥር ከፍተኛ ነው። በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ የቀድሞው ሠራዊት አባላት ተሰናብተዋል። ከኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በኋላም 150 ሺህ ያህል ወታደሮች ተቀንሰዋል። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ደግሞ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ኅብረተሰቡ ለመመለስ ዐቅዷል። ለመሆኑ ሰው መሣሪያውን ሲያስረክብ አእምሮውም አብሮት ከጦር ሜዳ ይመለሳልን? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ሸዋ ሮቢትንና የይፋትን ቆላ በምሳሌነት ወስደን እንመለከታለን።

የአንጎል የአደጋ ደወል

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጣርማ በር ተራራ ግርጌ ባለው ቆላ ትገኛለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለው ስፍራ ሌሊት የሚያልፍ ከባድ መኪና ድንገት ቢፈነዳበት ጎማ፣ ድምፁ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ትርጉም አይኖረውም። ፍርሃትን የሚቆጣጠረው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ደወሉን ያሰማል፤ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች ይመነጫሉ፤ ልብም በፍጥነት ይመታል። ዘወትር ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል «ይህ ያለፈው ቦታና ጊዜ አይደለም» የሚለውን መረጃ ያቀብላል፤ የፊተኛው የአንጎል ክፍልም ደወሉን ያበርደዋል። ብዙ አደጋ ባየ ሰው ላይ ግን ይህ ማብረጃ ሊደክም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሁኔታውን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዘገበው።

የጎደለው ምንድን ነው?

ሠራዊት ለአባሉ የሰዓት ሥርዓትን፣ ግልጽ ተግባርንና እስከ ሞት የሚተማመኑበትን ባልንጀራ ይሰጠዋል። ስንብት እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በ77 ጥናቶች ላይ የተመሠረተ ትንተና እንዳሳየው፣ ከአደጋ በኋላ ማኅበራዊ ድጋፍ ማጣት ለዚህ ሕመም ከሚያጋልጡት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ መቋቋሚያ ገንዘብ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም።

የቬትናም ዘማቾች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ እየተሰበሰቡ ያዩትን እርስ በርስ ይጨዋወቱ ጀመር። የአሜሪካ መንግሥት በ1979 የከፈታቸው የምክር ማዕከላትም ዘማቾችን በአማካሪነት አሰልፈዋል። የኅብረተሰብ ጥናት ተመራማሪው ፍራንክ ሪስማን በ1965 እንዳስረዳው፣ ሌላውን የሚረዳ ሰው ራሱም ይረዳል፤ ተፈላጊነቱን መልሶ ያገኛልና።

ይፋት ምን ዐቅም አላት?

ለዚህ አዲስ ድርጅት ከባዶ መፍጠር አያሻንም። እድር፣ እቁብና ደቦ በእጃችን ናቸው። በይፋት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ ይመረታል፤ የሮቢ ወንዝም ለመስኖ ይውላል። በባህላዊ መስኖ ተራ የሚያከፋፍለው «የውኃ አባት» ሰዓት አክባሪና ለማንም የማያዳላ መሆን ይጠበቅበታል፤ እነዚህ ደግሞ ውትድርና የሚያስተምራቸው ጠባዮች ናቸው። የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ወይም የተሽከርካሪ ጥገና የተማረ ዘማችም ዕውቀቱን ለወጣቶች ሊያስተላልፍ ይችላል። በየሳምንቱ የታመመ ባልደረባውን የሚጠይቅ ሰው ለሁለት ሰው መድኃኒት ይሆናል።

ሆኖም የባልንጀራ ድጋፍ ሕክምናን አይተካም። ቅዠቱ ለወራት ካልተወው፣ እንቅልፍ ፍለጋ ወደ መጠጥ ካዘነበለ ወይም ሞትን የሚመኝ ቃል ከተናገረ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል። ባልደረባው ምልክቱን ቀድሞ ሊያስተውል የሚችል ሰው በመሆኑ፣ ወደ ሐኪም የሚያደርሰው የመጀመሪያው ድልድይ እርሱ ነው።

እኛ ተማሪዎችስ? በየሰፈራችን ያሉትን የቀድሞ ወታደሮች ስለ ውጊያው ከመጠየቃችን በፊት ምን ሊያስተምሩን እንደሚችሉ እንጠይቃቸው።