ኃይል ቆጣቢው ፕሮሰሰር እና ስቲቭ ፈርበር

ኮምፒውተርን በአብዛኛው የምንመዝነው በፍጥነቱ ነው። ይሁን እንጂ ለስሌቱ የሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኃይልም ከፍጥነቱ ያላነሰ ትኩረት ይሻል። የእንግሊዛዊው የኮምፒውተር መሐንዲስ የስቲቭ ፈርበር የሥራ ዘመን ይህን በግልጽ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1953 በማንቸስተር የተወለዱት ፈርበር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ካጠኑ በኋላ ዶክትሬታቸውን ያገኙት በኤሮዳይናሚክስ ነው። ከዚያም በአከርን ኩባንያ ከሶፊ ዊልሰን ጋር አርም የተሰኘውን ፕሮሰሰር ነደፉ። ዊልሰን የትእዛዛቱን ስብስብ፣ ፈርበር ደግሞ ውስጣዊ አወቃቀሩን አዘጋጁ። ወጪን ለመቆጠብ ሲባል ፕሮሰሰሩ በሴራሚክ ሳይሆን በርካሽ ፕላስቲክ እንዲታቀፍ ተፈለገ፤ ለዚህም ፍጆታው ከአንድ ዋት እንዳይበልጥ ያስፈልግ ነበር። ስለሆነም ንድፉ ቀላል ሆኖ በ25,000 ያህል ትራንዚስተሮች ብቻ ተሠራ።

የመጀመሪያው ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1985 ሲፈተሽ በትክክል ሠራ። ፍጆታውን ለመለካት የተገጠመው አምሜትር ግን ዜሮ አሳየ። ነገሩ ሲመረመር የኃይል መስመሩ ጨርሶ አልተገናኘም ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ይሠራ የነበረው በምልክት መስመሮቹ በኩል ሾልኮ በሚገባ ከረንት ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ትራንዚስተሮች በበሩና በጠፉ ቁጥር ጥቂት ቻርጅ ይሞላል፤ ይለቀቃልም። በእያንዳንዱ ዑደት ወደ ሙቀትነት የሚለወጠው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር የተመጣጠነ ነው፤ ቮልቴጁ በግማሽ ቢቀነስ ብክነቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የሚበሩትና የሚጠፉት ትራንዚስተሮች ቁጥር ሲያንስም ፍጆታው አብሮ ያንሳል። የአርም ምስጢር ይህ ሁለተኛው ነበር።

ፈርበር እ.ኤ.አ. በ1990 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሲሆኑ ሌላ ጥያቄ አነሱ፦ ሥራ የሌለው የፕሮሰሰር ክፍል ስለምን በጋራው ሰዓት ምት ይነቃነቃል? አሙሌት በተባሉት ፕሮሰሰሮቻቸው ሰዓቱን አስወግደው እያንዳንዱ ክፍል ሥራ ሲደርሰው ብቻ እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። ቀጥሎም በ20 ዋት ገደማ የሚሠራውን የሰው አንጎል ለመመርመር ስፒናከር የተባለውን ኮምፒውተር ገነቡ፤ የፕሮሰሰሮቹ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ሚሊዮን ደረሰ።

ዛሬ አንባቢ በኪሱ የያዘው ተንቀሳቃሽ ስልክ በትንሽ ባትሪ ቀኑን ሙሉ የሚውለው በአብዛኛው በአርም ንድፍ አማካይነት ነው። የታላላቅ የመረጃ ማዕከላት የኃይል ፍላጎት እያደገ በሄደበት በዚህ ጊዜ፣ አንድን ስሌት በምን ያህል ያነሰ ኃይል መሥራት እንደሚቻል መመርመር ለፊዚክስና ለምሕንድስና ተማሪዎቻችን ገና ያልተሟጠጠ መስክ ነው።