ተማሪው ስለ መሬት ሲናገር ጎጃም የት ነበር?

ከጎዛምን፣ ከማቻከል ወይም ከስናን ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሸኝ አባት ከበሶውና ከቆሎው ጋር አንድ ምክር ይቋጥርለታል፦ «አንገትህን ደፍተህ ተማር፤ ፖለቲካ ውስጥ እንዳትገባ።» ምክሩ ከፍርሃት የመነጨ ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ይሁን እንጂ ባለፉት ስድሳ ዓመታት የኢትዮጵያ ተማሪዎች በየግቢያቸው ሲከራከሩባቸው፣ ሲሰለፉባቸውና ሲታሰሩባቸው ከኖሩት ጉዳዮች አንዱና ዋነኛው የዚያው አባት ጉዳይ መሆኑ እምብዛም አይነገርም። ጉዳዩ መሬት ነው።

በየካቲት 1957 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። በወቅቱ ፓርላማው የባለመሬትና የጢሰኛን ግንኙነት በሚመለከት ሕግ ላይ ይነጋገር ነበር። በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንግግርን ነጻነት «በሕግ መሠረት» ይፈቅድ ስለ ነበር፣ ተማሪዎቹ በወረቀት ላይ መብት ነበራቸው። በተግባር ግን በሩ እየጠበበ ሄደ። በ1959 ዓ.ም ሰላማዊ ሰልፍን የሚገድብ አዋጅ ወጣ፤ ተማሪዎች ይህንኑ በተቃወሙ ጊዜ ፖሊስ ግቢው ድረስ ገባ። የተማሪዎች ማኅበርና ልሳኖቹ አንዴ ሲፈቀዱ አንዴ ሲታገዱ ቆዩ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግስቱም አስከሬኑን ይዘው ስድስት ኪሎ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ወታደር ተኮሰ።

ታሪኩ ሲተረክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ለጎጃም አንባቢ ግን ከዚህ የሚቀጥል ጥያቄ አለ። «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት ይሰጥ ለነበረው የደቡብ ጢሰኛ የሕይወት ጉዳይ ነበር። በጎጃም ግን አብዛኛው አራሽ ባለርስት ነበር፤ በአባቱም በእናቱም በኩል የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ ድርሻውን የሚጠይቅ። ስለዚህ መፈክሩ ለጎጃም ባለርስት ያንኑ ትርጉም አልሰጠውም። የጎጃም ገበሬ ስጋት ሌላ ነበር፤ መሬቱ ተለክቶ ከርስትነት ይወጣብኛል የሚል።

ይህን ስጋቱንም ራሱ ተናግሯል። በኅዳር 1960 ዓ.ም አሥራትን የሚተካ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ የጎጃም ገበሬ ነገሩን የመሬት ልኬታ መቅድም አድርጎ ተረዳው። በመጀመሪያ የሞከረው አቤቱታን ነው፤ ሽማግሌ ላከ፣ መልእክተኛ ወደ ዋና ከተማ ሰደደ። አቤቱታው ሰሚ ሲያጣ ገማቾችን አላስገባም አለ፤ በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት መሣሪያ አነሣ። መንግሥትም ጦር አዘመተ፤ በ1960 ዓ.ም በአውሮፕላን ጭምር መንደሮችን ደበደበ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ቀድሞ በአቤቱታ የተጠየቀው ከብዙ ደም በኋላ ተገኘ ማለት ነው።

እንግዲህ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ጉዳይ ላይ፣ ሁለት ድምፆች ነበሩ። አንዱ በስድስት ኪሎ፣ ሌላው በጮቄ ግርጌ። ሁለቱ ግን በቅጡ አልተገናኙም። በእኔ ግምት የግቢ ነጻነት ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪ ሁልጊዜ ትክክል ስለሚናገር ሳይሆን፣ ሲሳሳት ወይም ሲያጓድል ተነሥቶ የሚያርመው ሰው ስለሚኖር። የጎጃም ገበሬ ልጅ በነጻ መድረክ ላይ ቆሞ «የእኛ አገር ርስት እንዲህ ነው» ቢል ክርክሩ ይሰፋ ነበር። ሌላው ደግሞ «በጎጃምስ ቢሆን ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሙስሊሙ ነጋዴ ርስት አላቸው ወይ?» ብሎ ይመልስለት ነበር። ይህም እውነት ነው፤ ከርስት ውጭ ሆነው በሰው መሬት ላይ የሚኖሩ የእጅ ባለሙያዎችና ሙስሊሞች እዚሁ በመካከላችን ነበሩ። የታፈነ ግቢ ግን ለዝርዝር ጊዜ አይሰጥም። በድብቅ የሚነበብ ወረቀት አጭርና ቁጡ ይሆናል፤ ነገሩም ሁሉ ወደ መፈክር ይጠጋል።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ርስት ባለበት አገር አራሹ በእጁ ያለውን መሬት ይዞ ቀረ፤ በትውልድ ሐረግ ሌላ ቦታ ድርሻ የመጠየቅ መብቱ ግን አከተመ። መሬት ያልነበረው የእጅ ባለሙያ መሬት አገኘ። አዋጁን ለገበሬው እንዲያስረዱ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። መፈክሩን ያነሣው ግቢ ግን ብዙም ሳይቆይ ከቀድሞው የከፋ ዝምታ ወረደበት፤ የቀይ ሽብርን ዘመን ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ለዛሬ አንባቢ ቅርብ የሆነው ደግሞ የ1989 ዓ.ም የመሬት ድልድል ነው። በክልሉ አዋጅ ቁጥር 16/1989 መሠረት መሬት እንደገና ሲደለደል፣ በደርግ ዘመን የቀበሌ ኃላፊነት የነበረው ገበሬ «ቢሮክራት»፣ ሌላው ደግሞ «ፊውዳል» ተብሎ ይዞታው ከአንድ ሄክታር እንዳይበልጥ ተደረገ፤ ለሌላው ገበሬ ጣሪያው ሦስት ሄክታር ነበር። ድልድሉ መሬት ላጡ ወጣቶችና ሴቶች መሬት ሰጥቷል፤ ይህ አይካድም። መለያው ግን ፖለቲካዊ ነበር፤ ተወስኖ እስኪያልቅም ክርክር አልተደረገበትም። ለአቤቱታ እስከ አዲስ አበባ የዘለቁ ገበሬዎች ነበሩ። በዚያው ሰሞን፣ በመጋቢት ወር፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድልድሉን ተቃውመው ሲወጡ ሰልፋቸው በፖሊስ ተበተነ፤ በርካቶችም ታሰሩ። በዚህ ጊዜ ተማሪው የተናገረው ስለ ሩቅ ጢሰኛ አልነበረም። የራሱ አባት መሬት ሲቆረስ አይቶ ነው።

አሁን ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የአመለካከትንና ሐሳብን የመግለጽን ነጻነት፣ አንቀጽ 30 ደግሞ መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብን፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግንና አቤቱታ የማቅረብን መብት ይደነግጋሉ። «ማንኛውም ሰው» ስለሚል ተማሪውም ገበሬውም እኩል ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ሰልፍ የሚያደርግ ወገን ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ማሳወቅ ማለት ፈቃድ መለመን አይደለም፤ ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ኃላፊዎችም ጭምር፣ ሁለቱን ያምታታሉ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 በበኩሉ የአካዳሚክ ነጻነትን ያረጋግጣል። ወሰንም አለው፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን በወንጀል ያስጠይቃል። በማኅበራዊ ሚዲያ ሌላውን በማንነቱ የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ የሚያጋራ ተማሪ ነጻነቴ ነው ብሎ አያመልጥም።

አንቀጽ 29ና 30 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊታገዱ ከሚችሉት መብቶች ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለው አዋጅ በክልላችን ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም ታውጆ ነበር፤ ለስድስት ወር ቆይቶም ለአራት ወር ተራዝሟል። በዚያው በ2015 ዓ.ም የማዳበሪያ እጥረት ያስመረረው ገበሬ ለአቤቱታ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ እንደ ነበር የሚታወስ ነው። የደጋው አፈር አሲዳማነትም እየበረታ ነው፤ ለማከሚያ የሚሆነው ኖራ ደግሞ በሚፈለገው መጠንና ጊዜ አይደርስም። ከማቻከል የሄደ የግብርና ተማሪ፣ ኖራው ለምን እንደሚዘገይና በማን እጅ እንደሚዘገይ መርምሮ፣ ስሙን ጽፎ በግቢው ሰሌዳ ቢለጥፈው በሕጉ መሠረት የሚከለክለው የለም። አባቱ ግን «አንገትህን ደፍተህ ተማር» ብሎ ነው የሸኘው፤ የሚቸገረውም በዚያው ኖራ እጦት ነው።