የአስታራቂዎች የሙያ ማኅበርና የችሎታ መመዘኛ ጥያቄ

መግቢያ

ዳኛ ተከራካሪዎችን የሚያስገድድበት ሥልጣን ከሕግ ያገኛል። አስታራቂ ግን እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም፤ ባለጉዳዮቹ ካልተስማሙ ሊፈርድባቸው፣ ተነሥተው ቢሄዱም ሊያግዳቸው አይችልም። መሣሪያው ሁለቱም ወገኖች የሚጥሉበት እምነት ብቻ ነው። በአንድ መንደር ውስጥ ይህ እምነት የሚገኘው ከረጅም ትውውቅ ነው። ሽማግሌው ቃሉን የሚጠብቅ፣ ለዘመድ የማያዳላ፣ የሰማውንም ምሥጢር የማያወጣ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለጉዳዮች ቀደም ብለው ከማያውቁት አስታራቂ ፊት በሚቀርቡበት ከተማ ግን የሰውየውን ችሎታና ጠባይ ማን ይመሰክርላቸዋል? የአስታራቂዎች የሙያ ማኅበራት ከሚያከናውኗቸው ተግባራት አንዱና ዋነኛው ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የነበረውን ማኅበር ታሪክ በመከተል ጥያቄው እንዴት እንደ ተነሣና ምን መልስ እንደ ተሰጠው ማብራራት ነው። የአሜሪካውን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የማኅበሩ አመሠራረት

በአሜሪካ የማስታረቅ ሥራ መደበኛ የመንግሥት አገልግሎት ሆኖ የተጀመረው በአሠሪና በሠራተኛ ጉዳይ ነው። በ1913 የተቋቋመው የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስታራቂዎችን እንዲመድብ በሕግ ተፈቀደለት፤ በ1947 የወጣው ሕግ ደግሞ ራሱን የቻለ የፌዴራል የማስታረቅ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም አደረገ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በልዩ ልዩ ክፍላተ ግዛት መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበራቸው አማካይነት የመደራደር መብት በማግኘታቸው በትምህርት ቤቶች አስተዳደርና በመምህራን መካከል የሚገቡ አስታራቂዎች በብዛት አስፈለጉ። የአለመግባባት አፈታት ባለሙያዎች ማኅበር በ1972 የተመሠረተው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አባሎች አብዛኞቹ ከሥራ ክርክር ጉዳይ የመጡ ነበሩ።

ብዙ ሳይቆይ የሥራው ክልል ሰፋ። በ1976 በሴንት ፖል ከተማ በተደረገው የፍትሕ ጉባዔ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ፍራንክ ሳንደር ጉዳዮች ሁሉ በፍርድ ቤት ክርክር ብቻ ከሚያልፉ ይልቅ እንደ ጠባያቸው ወደ ዕርቅ፣ ወደ ግልግል ዳኝነት ወይም ወደ ችሎት እንዲመሩ ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ የባልና ሚስት ፍቺ፣ የጎረቤታሞች ጠብና የአካባቢ ጥበቃ ክርክር ሳይቀር ወደ አስታራቂዎች መምጣት ጀመረ። የቤተሰብ ጉዳይ አስታራቂዎችም በ1981 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

የማኅበሩ ዋና ዋና ተግባራት

የማኅበሩ ተግባራት በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። አንደኛ፣ ባለሙያዎች ልምዳቸውን የሚለዋወጡበት ጉባዔ ማዘጋጀት፤ ሁለተኛ፣ ሥልጠናን ማስፋፋት፤ ሦስተኛ፣ የሙያ ሥነ ምግባር ደንብ ማውጣት፤ አራተኛ፣ ሙያውን የሚመለከቱ አከራካሪ ጥያቄዎችን የሚያጠኑ ጓዶች ማቋቋም።

ከእነዚህ ውስጥ ለባለጉዳዩ በቀጥታ የሚደርሰው የሥነ ምግባር ደንቡ ነው። ማኅበሩ ከአሜሪካ የግልግል ዳኝነት ማኅበርና ከአሜሪካ የሕግ ጠበቆች ማኅበር ጋር ሆኖ በ1994 የአስታራቂዎች የጠባይ መመሪያ አዘጋጀ፤ መመሪያው በ2005 ተሻሽሏል። የተሻሻለው መመሪያ ዘጠኝ ክፍሎች አሉት። ከሁሉ አስቀድሞ የተቀመጠው ስምምነቱ የባለጉዳዮቹ የራሳቸው ነጻ ውሳኔ መሆን አለበት የሚለው ነው። ቀጥሎም ገለልተኝነት፣ የጥቅም ግጭትን ማስወገድ፣ ችሎታና ምሥጢር ጠባቂነት ይገኛሉ። የአስታራቂው ክፍያ በውጤቱ ላይ ወይም ስምምነት በተደረሰበት የገንዘብ መጠን ላይ እንዲመሠረት መዋዋል እንደማይገባም ተመልክቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዕርቅ ሲገኝ ብቻ የሚከፈለው ሰው ደካማውን ወገን ገፋፍቶ ለማስፈረም ይፈተናል።

የችሎታ መመዘኛ

ሐኪም ወይም ጠበቃ ለመሆን የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። በአስታራቂነት ሙያ ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ የፈቃድ ግዴታ አልተደነገገም፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መሠረታዊ ሥልጠናም 40 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ፍርድ ቤቶች ባለጉዳዮችን ወደ አስታራቂ መምራት ሲጀምሩ ይህ ጉዳይ አሳሳቢ ሆነ። አንዳንዶች የሕግ ወይም የሥነ ልቡና ዲግሪ እንዲጠየቅ ፈለጉ። ሌሎች ደግሞ ይህ ቢደረግ በየሰፈሩ ለዓመታት ሲያስታርቁ የኖሩ፣ ነገር ግን የትምህርት ማስረጃ የሌላቸው ሰዎች ከሥራው ይገለላሉ ሲሉ ተከራከሩ።

ማኅበሩ ያቋቋመው የጥናት ጓድ በ1989 ባቀረበው ዘገባ ሦስት መሠረታዊ ሐሳቦችን አስቀመጠ። የመጀመሪያው፣ መመዘኛውን የሚያወጣ አንድ ብቸኛ አካል መኖር የለበትም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ባለጉዳዮቹ አስታራቂውን የመምረጥ ነጻነታቸው በሰፋ መጠን አስገዳጅ መመዘኛው ሊላላ ይችላል የሚል ነው፤ በአንጻሩ ሰዎች ያልመረጡት አስታራቂ ዘንድ ሲላኩ ጥበቃው መጥበቅ ይኖርበታል ማለት ነው። ሦስተኛው፣ መመዘኛው በወረቀት ማስረጃ ላይ ሳይሆን በሥራ ላይ በሚታይ ችሎታ ላይ ይመሥረት የሚል ነው። ከሚፈለጉት ችሎታዎች መካከል በጥሞና ማዳመጥ፣ የክርክሩን ጭብጦች ለይቶ ማውጣት፣ በማያዳላ ግልጽ ቋንቋ መናገር፣ የራስን አመለካከት ከጉዳዩ መለየት፣ በባለጉዳዮች መካከል ያለውን የኃይል አለመመጣጠን ማስተዋል ይገኙበታል።

እነዚህ ችሎታዎች በጽሑፍ ፈተና በቂ ሆነው እንደማይለኩ የትምህርት ባለሙያ በቀላሉ ይረዳል። ስለ ማዳመጥ በሚገባ የጻፈ ሰው ሁሉ አድማጭ አይደለም። ስለዚህ እጩው እንደ እውነተኛ ጉዳይ በተዘጋጀ ልምምድ ላይ ሲያስታርቅ ልምድ ያላቸው ሰዎች ተመልክተው ቢመዝኑት የተሻለ ነው። ይህ ዘዴ ግን ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ መዛኞቹም በአንድ ዓይን እንዲያዩ መሠልጠን አለባቸው። ዲግሪ መጠየቅ የሚቀልለው ችሎታን በትክክል ስለሚለካ ሳይሆን ለመዝጋቢው ስለሚመች ነው።

በትምህርት ቤቶች የታየው ልምድ

የማስታረቅ ችሎታ ከዲግሪ ጋር የተቆራኘ አለመሆኑን በተለይ የሚያሳየው የትምህርት ቤቶች ልምድ ነው። በ1976 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው የሰፈር አስታራቂዎች ድርጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን ወደ ትምህርት ቤቶች በማስፋፋት ተማሪዎች የጓደኞቻቸውን ጠብ እንዲያበርዱ ማሠልጠን ጀመረ። የሠለጠኑት ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ በጨዋታ ሜዳ ይገኛሉ፤ ጠብ ሲነሣ ፈቃደኞች መሆናቸውን ይጠይቃሉ፣ እያንዳንዱ ሳይቋረጥ እንዲናገር ያደርጋሉ፣ መፍትሔውን ግን ከባለጉዳዮቹ እንጂ ከራሳቸው አያመጡም። የጦር መሣሪያና ከባድ ጥቃት ያለበት ጉዳይ ለአዋቂዎች የሚተው ነው። ይህን መሰሉን ሥራ የሚያስተባብር ብሔራዊ ማኅበር በ1984 ተቋቋመ። የእርሱ ተተኪ የሆነው የትምህርት ድርጅት፣ የቤተሰብ አስታራቂዎች ማኅበርና በ1972 የተመሠረተው ማኅበር በ2001 ተዋሕደው አንድ ማኅበር ሆኑ።

ማጠቃለያ

በኢትዮጵያ ሽምግልና ከማናቸውም የሙያ ማኅበር በፊት የነበረ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አስታራቂዎች ሥራ የደነገገ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 ወጥቷል። ሽምግልና ከሰፈር ወደ ቢሮ፣ ከሚታወቁ ሽማግሌዎች ወደማይታወቁ ባለሙያዎች ሲሸጋገር ከላይ የተገለጸው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ሕግ አስታራቂነትን ሊፈቅድ ይችላል፤ አስታራቂውን የሚታመን ማድረግ ግን አይችልም። የሙያ ማኅበር የሚጠቅመው መንደሩ ስለ ሽማግሌው ያውቅ የነበረውን ለማያውቀው ባለጉዳይ ማረጋገጥ ሲችል ነው። ለዚህም ሰውየው ምን ተምሯል ከሚለው ይልቅ በሁለት ተጣዪዎች መካከል ተቀምጦ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው መቅደም ይኖርበታል።